ካራቺን ለእድሩ

ቀን ቀን መተኛት ይለመዳል ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል። መስኮቱን በወጥ ቤት ፎይል ሸፍኜዋለሁ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኛለሁ፣ ስልኬን ግን ማጥፋት አልቻልኩም፤ ትራሴ ስር አድርጌ ደቂቃ ሳይቆይ መልሼ አወጣዋለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰውዬ የሣር ማጨጃውን አስነስቶ ሰፈሩን ቀውጢ አድርጎታል። የሜልቦርን ፀሐይ በታኅሣሥ ወር የቤቱን ጣራ ታንጣጣዋለች፤ ወቅቱ እንኳን የተገለበጠበት አገር ነው። ሌሊቱን የሆስፒታል አንሶላ ከማጠቢያ ወደ ማድረቂያ ሳገላብጥ አድሬ ክንዴ የራሴ አልመስል ብሎኛል፣ እንቅልፍ ግን በዓይኔም አልዞር አለ። ዛሬ ሰኞ ነው። ኢትዮጵያ፣ እነሱ ጋ፣ ገና አልነጋም። ሲነጋ አባቴ ለዒድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ የሰፈራችንን ንድፍ ጠቅልለው ይዘው፣ ከእድሩ ሰዎች ጋር ወደ ሰበታ ከተማ አስተዳደር ይሄዳሉ። በዚህ ሰሞን፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲቆም ፖሊስ በሚበትንበት ሰሞን፣ ወታደር የጫነ መኪና በጅማ መንገድ ሽቅብ ቁልቁል በሚልበት ሰሞን፣ አባቴ ከማቀዳችሁ በፊት እኛን ጠይቁን ሊሉ ይሄዳሉ። እሳቸው እኮ የሚወሰድባቸው እርሻ የላቸውም። ያላቸው አንድ ሱቅ ነው። ይህ ሐሳብ ከየት መጣባቸው የሚል ካለ፣ ከእኔ ነው፤ ከእኔና ከጉግል።

አባቴን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ጀግና ይመስሉታል። አይደሉም። ሀሰኖ ማለት ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም ሲሸጡ የኖሩ፣ ደንበኛ ዋጋ ሲሰብርባቸው «እንዲህማ አትጉዳኝ» እያሉ የሚለማመጡ፣ ውሻ ሲጮህባቸው መንገድ የሚቀይሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው በጅማ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈቱ፤ ሰፈራችን ዓለም ገና ያኔ ሻይ ቤትና አቧራ ብቻ ነበረች ይላሉ። ከዚያ አዲስ አበባ እየሰፋች መጣች፣ ሰው ቤት ሠራ፣ ቤት የሠራ ሁሉ ሚስማር ገዛ። እኔ የተማርኩትም እዚህ የመጣሁትም ኦቦ ድሪብሳ ጤፍ ይዘሩበት በነበረ መሬት ላይ ሰው ቤት ስለሠራ ነው ማለት ይቻላል። ኦቦ ድሪብሳ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ፉሪ ተዳፋቱ ላይ የቀረቻቸውን መሬት ያርሳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃችን ደጃፍ ተቀምጠው ከአባቴ ጋር በግማሽ አማርኛ በግማሽ ኦሮምኛ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንላቸውም። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ እነዚያ ሰው የሚያስቀምጡ ድስቶች በሙሉ ያሉት እኛ ሱቅ ጓሮ ነው፤ ንብረት ያዡ አባቴ ናቸው። እናቴ ያረፈች ጊዜ ያ ድንኳን ለእኛ ወጣ። መቃብሯን የቆፈሩት ኦቦ ድሪብሳና ልጃቸው ናቸው። እስቲ አሁን አባቴን ከዚያ ሰፈር በምን አፌ ነው ይውጡ የምላቸው? አልኳቸው እንጂ። ስንቴ አልኳቸው!

ማስተር ፕላን የሚለው ቃል፣ አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን የገበሬ መሬት የምትጠቀልልበት እቅድ፣ በቤታችን የተሰማው ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም ነበር፣ ግን ሩቅ ነበር፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ከኅዳር ወዲህ ነው በራችን ላይ የቆመው። አንድ ቀን ሱሉልታ መንገድ ተዘጋ ይላሉ፣ በማግስቱ ቡራዩ ተማሪ ወጣ ይላሉ፣ ሆለታ በኩል ጭስ ታየ ይላሉ፣ ከዚያ ሰበታ፣ ከዚያ እኛ ጋ። አባቴ ስልኩን አንስተው ሲያወሩ ከጀርባቸው የሱቁ መዝጊያ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ያ የቆርቆሮ መዝጊያ በጠራራ ፀሐይ ሲወርድ ከሰማሁ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ኮልፌ ያለችው አክስቴ ሬሐና በበኩሏ ደውላ «አባትሽን አንድ በዪልኝ፣ እዚህ ክፍል ባዶ አለኝ፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል ይምጣ» ትለኛለች። እኔም እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ይስቃሉ። «ማን ነው እኔን የሚነካኝ? የሰፈሩ ልጆች ሱቁን ሲጠብቁ አላደሩም?» እውነት ነው፣ ጠብቀዋል። ግን ጥይት የማንን ሱቅ ማን እንደጠበቀ ምን ያውቃል።

ከዚያ አንድ ቀን እኔ ከሥራ ወጥቼ ባቡር ላይ እንዳለሁ ይደውላሉ፤ እዚያ እኩለ ሌሊት መሆኑን አስቤ ክው እላለሁ፣ እሳቸው ግን ድምፃቸው የገበያ ድምፅ ነው። «ራቢዬ፣ ያ የምትፈልጊበት ነገር አለሽ አይደል?» «የቱ አባዬ?» «ያ ሁሉን የሚያውቀው። እዚህ ዳታውን ዘግተውታል። ኦቦ ድሪብሳ ምን አሉ መሰለሽ፤ ከተማ የመጣበት ገበሬ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፣ በዓለም ላይ ይህ የደረሰበት ሰው ሞልቷል፣ ገበሬው ሳይጠፋ፣ ጎረቤት ሳይበተን የለማ ሰፈር ካለ እንዴት አድርገው እንደሆነ ልጅህ ፈልጋ ትንገረን አሉ።» «አባዬ፣ አሁን ኮልፌ ይሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ እፈልጋለሁ።» «መልሱን ሳልሰማ የትም አልሄድም። በእድሩ ስም ነው የምጠይቅሽ። እንቢ ብትይ ቀሪ ትባያለሽ።» ቀሪ! እድር ላይ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ቀሪ ነው የሚባለው። እኔ እኮ ስንት ዓመቴ ከቀረሁ። ይህን አሰብኩና እሺ አልኳቸው። ከእሺዬ ጀርባ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፤ ቶሎ ልጨርስላቸውና ቶሎ ይውጡልኝ የሚል።

ስለዚህ ይኸው በአልጋዬ ላይ ተጋድሜ ዓለምን እበረብራለሁ። የማኅበረሰብ ልማት ብዬ በአማርኛ ስጽፍ የጨረታ ማስታወቂያና ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች መጡልኝ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ቢጫ ቆብ ደፍተው የሚስቁ መሐንዲሶችና ከአዲስ ቧንቧ ውሃ የሚጠጡ ሕፃናት መጡ፣ የዓለም ልማት ሁሉ በአንድ ካሜራ የተነሣ ይመስላል። ጉግል የት እንዳለሁ ስለሚያውቅ ከሁሉ በፊት የሚያሳየኝ የእኔኑ ሰፈር ነው፤ የአረጋውያን ዮጋ፣ የጋራ አትክልት ቦታ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሹራብ ሥራ። እኔ ሹራብ አልጠየቅኩህም፣ ሰውዬ! ቃል እቀያይራለሁ፤ ገበሬ እላለሁ፣ የከተማ ዳር እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ፤ ጎረቤቶቼ ሳይበተኑ ከተማ እንዲመጣ ምን ይደረጋል? ያኔ የዓለም ጉድ ተዘረገፈ። ዶዘር በዶዘር ላይ። በማላውቃቸው አገሮች የማላውቃቸው እናቶች ፍርስራሽ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፣ አቀማመጣቸው ግን የማውቀው ነው፤ እትዬ ተረፈች ናቸው። እትዬ ተረፈች ከመሀል አዲስ አበባ ለልማት ተነሺ ተብለው የዛሬ ስንት ዓመት ዓለም ገና ኪራይ የገቡ ጎረቤታችን ናቸው፤ የድሮ ሰፈራቸው ሲፈርስ ከቤታቸው ይልቅ ለእድራቸው ነው ያለቀሱት፣ የእድሩ ሰው በየአቅጣጫው ተበትኖ ማን ማንን እንደሚቀብር ጠፋ ይሉ ነበር። መልካሙም አልጠፋም። ባንኮክ ውስጥ ባለመሬቱና ሰፋሪው መሬቱን ተካፍለው፣ ድሃው ጠጋ ጠጋ ብሎ እዚያው የቀረበት ሰፈር አለ። እሱን አነበብኩና በደስታ ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ሕግና ውል ሲበዛብኝ ተመልሼ ተኛሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬ አካፋና የፍሳሽ ቧንቧ ካልገዛሽ እያለ ያስታውቅብኛል።

በዚያው ሳምንት ነው የጎረቤቴ አጥር ላይ ሰሌዳ የተሰቀለው። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ፣ ቤቱ ላይ ፎቅ ሊጨምር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቅሬታ ካለው ለማዘጋጃ ቤቱ ያመልክት ይላል ሰሌዳው። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሰፈሩ ሰው ማለት እኔም ነኝ ማለት ነው? አንዲት ክፍል የተከራየሁ፣ የሰውየውን ስም የማላውቅ፣ ከሰላምታ በቀር ያላወራሁት? ለማዘጋጃ ቤቱ ደወልኩ። ጥሪዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው የሚል መሣሪያ ብዙ ካስጠበቀኝ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳችና ተከራይም ብሆን አስተያየት መስጠት እንደምችል በትሕትና አስረዳችኝ። ጥላው ያስቸግርሻል? አለችኝ። ጥላው! ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባዬ መጣ፣ ልጅቱም ደህና ነሽ ወይ ማለት ጀመረች። ለአንድ ፎቅ ጥላ እኔን፣ ትናንት የመጣሁትን፣ እንዲህ ይጠይቁኛል፤ ኦቦ ድሪብሳን አያታቸው በተቀበሩበት መሬት ላይ ማን ጠየቃቸው? ቅሬታ የለኝም አልኩና ዘጋሁት።

የፓኪስታኗን ካራቺን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው የረሳው አንድ ትልቅ ሰፈር ነበር፤ ፍሳሹ በየደጁ ይወርዳል፣ ሕፃናት ይታመማሉ፣ መንግሥት መጥቶ እስኪሠራ ቢጠብቁ የሚመጣ የለም። ከዚያ በአንድ መተላለፊያ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ተሰብስበው አንድ አስተባባሪ መረጡ፣ ራሳቸው አዋጡ፣ ራሳቸው ቆፈሩ፣ ቧንቧውን ቀበሩ። ሌላው መተላለፊያ አየና ቀናበት፣ እሱም ቆፈረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ ተዳረሰ። ይህን ለአባቴ በስልክ ሳነብላቸው አቋረጡኝ። «ይሄ እኮ እድር ነው። እነዚህ ሰዎች እድር አላቸው ማለት ነው።» በል እንግዲህ! ከዚያ በኋላ አባቴን ማን ይቻላቸው። ሚስማር ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ካራቺ፣ ለሬሐና ሲደውሉ ካራቺ፣ ኦቦ ድሪብሳም በበኩላቸው ፉሪ ለገበሬው ሁሉ አወሩ። በተለይ ልባቸውን ያንጠለጠለው ሌላ ነገር ነው፤ እዚያው ካራቺ ዳር ያሉ፣ ከተማው እየዋጣቸው የነበሩ የገበሬ መንደሮችን እየዞረች፣ ማን የት እንዳለ በንድፍ እያሰፈረች፣ እነዚህ ሰዎች አሉ፣ ከጥንትም ነበሩ ብላ የምታስመሰክር አንዲት ሴት ነበረች። እድሩ ይህን ሰምቶ የሰፈሩን ንድፍ መሥራት ጀመረ። ቆርቆሮ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ካርቶን ገጣጥመው፣ እርሻውን በአረንጓዴ ቀለም፣ ኪራይ ቤቱን በሌላ፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የኦቦ ድሪብሳን ምንጭ፣ ሁሉንም አስገቡት። አባቴ ቀለሙን ከሱቅ ነው ያወጡት። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ልጅ ይፍነከነካሉ፣ እኔ ደግሞ የሞተችውን እናቴን አስቤ፣ ብትኖር እንዴት ትቆጣቸው ነበር እላለሁ።

ከዚያ የኦቦ ድሪብሳ ልጅ ተያዘ። ኮሌጅ የሚማረው፣ የእናቴን መቃብር ከአባቱ ጋር የቆፈረው። ከቤት ነው የወሰዱት፣ የት እንዳለ የሚነግራቸው ጠፋ። አባቴ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ወርዷል። ቢሆንም ንድፉ አልቆመም፤ እሑድ እድሩ ይሰበሰባል፣ ራቢአም በስልክ ትገኛለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ለሕዝቡ በራሷ አፍ ትነግራለች፣ ሰኞ ሽማግሌዎቹ ንድፉን ይዘው ይሄዳሉ ተባለ። ልጁን ከቤቱ የወሰዱ ሰዎች ደጃቸው ድረስ የሄደ ሽማግሌን ምን ያደርጉታል? ተመልሼ ካራቺን መፈለግ ጀመርኩ፤ ልክ እንደተጣላሁት ሰው ነውሩን ፍለጋ። ብዙም አልደከምኩ። ንድፍ የምትሠራው ያቺ ሴት ተገድላለች። ከሥራ ወደ ቤቷ በመኪና ስትሄድ ተኩሰው ገደሏት፤ መሬቱን የሚፈልጉት ሰዎች ናቸው የሚል ብዙ ነው። ፎቶዋን ከፈትኩት። ፀጉሯ አጭር፣ ሳቋ የሆደ ሰፊ ሰው ሳቅ። ለረጅም ጊዜ አየኋት። ማዘን ሲገባኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በቃ፣ አባቴን ከዚያ የሚያወጣልኝ ነገር ተገኘ። እሑድ ይህን እነግራቸዋለሁ፣ ይደነግጣሉ፣ ንድፋቸውን ያስቀምጣሉ፣ አባቴም መልሳቸውን ሰምተዋልና ኮልፌ ይገባሉ። ሐሰት የለበትም። እውነት ነው የምናገረው። ከእውነቱ መርጬ ነው የምናገረው እንጂ።

ትናንት እሑድ እኔ ጋ ቀኑ ሲያዘነብል እነሱ ጋ ረፋድ ነበር። አባቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መሀል ጠረጴዛ ላይ አኖሩት መሰለኝ፣ የወንበር ጩኸት፣ ሳል፣ ሕፃን፣ ሩቅ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ሁሉ ገባልኝ። ኦቦ ድሪብሳ በኦሮምኛ፣ ልጄ እንዴት ነሽ ብለው፣ ጀመሩልኝ። «ኢንተለ ኮ፣ አካም ጅርተ?» «ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት? ልጁስ?» «ዋቃ ያውቃል። አንቺ ተናገሪ፣ ሕዝቡ ይሰማል።» ከዚያ በፊት ግን ስም ተጠራ። እየተጠራ፣ አቤት እየተባለ፣ በመጨረሻ «ራቢአ ሀሰኖ» ብለው ጠሩ። አባቴ በጎን «አቤት በይ እንጂ» ይላሉ። አቤት አልኩ። ተናገርኩ። ባንኮክን አሳጥሬ፣ መልካሙን ሁሉ በሩጫ አልፌ፣ ዶዘሩን ዘርዝሬ፣ ካራቺ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ያቺ ንድፍ የምትሠራው ሴት፣ ያቺ የእናንተን የመሰሉ መንደሮችን የመዘገበችው፣ በዚህ ሥራ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተገደለች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ገደሏት። ይህን ብዬ ጠበቅኩ። ሕፃኑ ሳይቀር ዝም አለ። ገባቸው አልኩ በልቤ፣ ተሳካልኝ።

መጀመሪያ የተሰማው የእትዬ ተረፈች ድምፅ ነው። «ውይ ውይ ውይ! እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ትቀርቢያት ነበር?» አይ እትዬ፣ አላውቃትም፣ ያነበብኩት ነው እላለሁ፣ እሳቸው ግን አይሰሙኝም፣ ወይም አይገባቸውም፤ መርዶ የተናገረ ሰው ዘመድ ነው፣ በቃ። «ልጆች አሏት?» ይላሉ። «እናቷስ በሕይወት አለች? ማን ደረሰላት?» አንድ ሌላ ሰው «በወግ ተቀበረች ወይ?» ይላል። እኔ ደግሞ መልስ አለኝ፣ አንብቤዋለሁ፤ ሰፈርተኛው ነቅሎ ወጥቶ አልቅሶላታል። ነቅሎ ወጣላት አልኳቸው። «ተመስገን» አለ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ፣ የታመመ ዘመድ ተሻለው እንደተባለ። ወዲያው ወንበሩ ሲንጓጓ ሰማሁ። ተነሡ። ክርስቲያኖቹ ነፍስ ይማር አሉ፣ አባቴ ፋቲሃ ሲያነቡ ሰማሁ፣ ኦቦ ድሪብሳ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁ፣ ሁሉም አሜን አለ። ልጃቸው የታሰረባቸው ሰው፣ ስሟን እንኳን ሳልነግራቸው፣ ለካራቺዋ ሴት አሜን አሰኙላት። እኔ ለማስፈራሪያ ያመጣኋትን ሴት እነሱ ዘመድ አደረጓት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የቀበሌው ሰው ሁሉ ያየኝ ይመስል ፊቴን ሸፈንኩ።

ከተቀመጡ በኋላ አባቴ ጠየቁኝ። እንደ አባት አልነበረም አጠያየቃቸው፣ እንደ እድር ሰው ነው። «ራቢአ፣ ከእሷ በኋላ ሥራው ቆመ ወይ?» ያቺን ጥያቄ አላሰብኳትም ነበር። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ከፎቶዋ ስር የነበረውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ ባልደረቦቿ እያለቀሱም ቢሆን ቀጥለዋል። አላውቅም ብል ማን ያውቅብኛል? ኢንተርኔቱ እኔ ጋ ነው ያለው። ለዓለም ገና ዓለምን የሚያይላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ ቆመ ብላቸው ቆሟል፣ አባቴ ነገ ኮልፌ ናቸው፣ እኔም እንቅልፌን እተኛለሁ። «ኔትወርኩ ነው» አለ አንድ ሰው። ለእነዚያ ሰዎች፣ ለማያውቋት ሴት ለተነሡት፣ መዋሸት አቃተኝ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ አቃተኝ ነው የምለው። «አልቆመም» አልኩ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ነው» አሉ ኦቦ ድሪብሳ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ አግዳሚ ወንበር ጥገና፣ አለፉ፣ እኔም ወደ ሥራ የምሄድበት ባቡር አመለጠኝ፣ በሚቀጥለው ዘግይቼ ገባሁ።

ማጨጃው ዝም ብሏል። ለካ ቀኑ አዘንብሏል፣ ፎይሉ ዙሪያውን ቢጫ ብርሃን ያስገባል። አልተኛሁም። እዚያ ቢሮ የሚከፈትበት ሰዓት ደርሷል። ሰበታ ዛሬ ብዬ ጻፍኩ፣ የትናንት ነገር አመጣ። ዓለም ገና ዛሬ ብዬ ጻፍኩ፣ የአየር ጠባይ አመጣ፤ ፀሐያማ ነው ይላል። ይህ ሁሉን ያውቃል የተባለው ነገር፣ ካራቺ ላይ ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቀው፣ አባቴ አሁን የት እንደቆሙ አያውቅም። ስልኩ እጄ ላይ እያለ ጮኸ፣ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ራቢዬ፣ በሩ ላይ ነን።» መንገድ ይሰማል፣ ሰው ይሰማል። «ወታደር አለ?» «አለ። ደህና ልጆች ይመስላሉ። ጥበቃው ብዙ ሆናችሁ አትገቡም፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ ብሏል። ድሪብሳ እኔ ልግባ ይላል፣ እኔ ደግሞ አልኩት፣ ልጅህ እነሱ እጅ ላይ ነው፣ አንተ ከገባህ ነገሩ ሌላ ይሆንብናል።» ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ በሕይወታቸው ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ። «ምን ትያለሽ፣ እኔ ልግባ?» ይኸው። ወር ሙሉ ስለምናቸው የከረምኩት ነገር፣ አይሂዱ የምልበት አፍ፣ አሁን በእጄ ሰጡኝ። አይ ብላቸው ይሰሙኛል፣ አውቃለሁ፣ የዓለምን ነገር ያየሁላቸው እኔ ነኝ፣ አይ ካልኩ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ወይ ኦቦ ድሪብሳ ይገባሉ፣ ወይ ማንም አይገባም።

«ይግቡ አባዬ» አልኳቸው። «በይ እሺ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። የኮቱ ጨርቅ ይንኮሻኮሻል። ኦቦ ድሪብሳ «ዋቅኒ ስ ሃ ኤጉ» ሲሏቸው ሰማሁ፤ አምላክ ይጠብቅህ ማለት ነው። የበሩ ብረት ሲጥ አለ። አንድ ድምፅ «አባት፣ ከማን ተልከው ነው?» ይላል፣ የአባቴ ድምፅ ሚስማር ሲሸጡ እንደሚለማመጡት ሳይሆን፣ ከፍ ብሎ «ከእድር ነው፣ ልጄ፤ ከጎረቤቶቼ» ይላል። ከዚያ እርምጃቸው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ደረጃ እየወጡ ነው መሰለኝ፣ እኔም ከአልጋዬ ተነሥቼ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ አባቴን ወንበር ሰጥተው እስኪያስቀምጧቸው ድረስ አልቀመጥም።